አራት ፊት

ልብስ ሰፊዋ ድምፅ ያላሰማችው ልታዳምጥ ፈልጋ አይደለም፤ አፏ በስፒል ተሞልቶ ስለነበር ነው። ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ተንበርክካ የአንድ ቀሚስ ጠርዝ እያጠፈች ነበር፤ ስፒሎቹን እንደ ሁልጊዜው በከንፈሮቿ መሃል ይዛቸዋለች። የውጭው በር ተከፍቶ ሁለቱ ልጆቿ ሲገቡ ሰማች። ትልቋ ልጇ የራሷ ትዳርና ቤት አላት፤ ወደ ሥራ ስትሄድ ጠዋት ጠዋት ጎራ ትላለች። ትንሹ ልጇ ማሙሽ ግን ጎራ አይልም፤ እዚያው ጓሮ ባለው ክፍል ነው የሚኖረው። ዕድሜው ሠላሳን ተሻግሯል፤ ስሙ አሁንም ማሙሽ ነው፤ ልብሱን የምታጥብለት፣ ምሳውን የምታቀርብለት እናቱ ናት።

"የለችም እንዴ?" አለች ትልቋ።

"ክር ልትገዛ ወጥታ ይሆናል። ጫማዋ በሩ ላይ የለም።"

ጫማዋ እግሯ ላይ ነበር። ማሙሽ የስፌት ክፍሉን በእርምጃው ሲለካ፣ አልጋው በዚህ በኩል፣ ቁም ሳጥኑ በዚያ በኩል ሲል ሰማችው። ማሽኑ ኮሪደር ላይ ይወጣል፤ ካልሆነም ይሸጣል። ተከራዩ ሰውዬ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ያየዋል፤ ክፍሉ የመንገድ በር ስላለው ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ትልቋ ግን፣ "እሷስ ምን ትላለች?" አለችው።

"ምን ትላለች? ያንን ላውንቸር ስልኳ ላይ ከጫንኩላት ወዲህ አንድ ደንበኛ እንኳ ደውሎላታል? ደንበኛ ካልደወለ ራሷ ትተወዋለች። እኛ አትስፊ አላልናት።"

"ኋላ እንዳታዝንብን።"

"ለዓይንሽ ብለን ነው እንላታለና።"

ትልቋ "አንተ መቼም" አለችው፤ ድምፅዋ ግን የቁጣ አልነበረም፤ ሳቅ የቀላቀለ ነበር። በሩ ተዘጋ። ሰፊዋ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች ቀሚሱ ላይ ሰካቻቸው። አንዱ ከንፈሯን ወግቶት ኖሮ ምላሷ ላይ ደም ደም አላት። መጋረጃውን በንዴት ገፍታ ወጣች። ይህን ቤት፣ ከፊት ካለው የስፌት ክፍል ጀምሮ እስከ ጓሮው ድረስ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ያንን ማሽን እየረገጠች ነው ከፍላ የጨረሰችው። ማሙሽ ያደገው ከማሽኑ ሥር፣ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ተኝቶ ነው። አሁን እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሞ ማሽኑን ኮሪደር ያወጣዋል።

ላውንቸር የሚባለውን ነገር የሰማችው የዛሬ ሳምንት ነው። ስልክ ሲበራ ቀድሞ የሚታየው ፊት ማለት ነው፤ የትኛው ምልክት የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ያህል እንደሚገዝፍ፣ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚደበቅ የሚወስነው እሱ ነው። ስልኩ ያው ስልክ ሆኖ ፊቱ ብቻ ይለወጣል። የዚያን ዕለት ሁለቱ ልጆቿ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስልኳን እየተቀባበሉ ይመርጡላት ነበር። አንደኛው ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ግን ማስታወቂያ ይበዛበታል። ሌላው ባለ ስድስት ካሬ ነው፤ "ስድስት ይበዛባታል፣ አራት ይበቃታል" ተባለ። አንዱ ደግሞ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ተብሎ የተሠራ ነው፤ አጭበርባሪ እንዳይደውልባቸው ይዘጋል፤ በሚስጥር ቁጥር ስለሚቆለፍም ነካክተው አያበላሹትም። እሱ ይሁን ተባለ። ይህ ሁሉ ሲባል እሷ እዚያው ክፍል ውስጥ የማሙሽን ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። አንዳቸውም ቀና ብለው "አንቺስ የቱን ትወጃለሽ?" አላሏትም። እሷም አልከፋትም፤ እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር። ልጆቼ ስለ ዓይኔ ተጨነቁልኝ ብላ፣ ማሙሽ ስልኩን ሲመልስላት እጁን ይዛ "እጅህ ይባረክ" አለችው። አሁን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይኸው ምርቃቷ ነው። ምርቃት ተመልሶ የሚወሰድ ነገር ቢሆን ኖሮ ጓሮ ድረስ ሄዳ ከእጁ ትነጥቀው ነበር።

የድሮው ፊት ለሌላ ሰው የተዝረከረከ ይምሰል እንጂ ለሷ የሥራ ጠረጴዛዋ ነበር። ደንበኞቿን እያንዳንዳቸውን በምልክት አድርጋ በሦስት ገጽ ደርድራቸዋለች። በመጀመሪያው ገጽ ጨርቃቸውን ገና መቀስ ያልነካው፤ በሁለተኛው ማሽን ላይ ያሉት፤ በሦስተኛው ልብሳቸው አልቆና ተተኩሶ ባለቤቱን የሚጠብቀው። ጨርቁን የቆረጠች ዕለት የባለቤቱን ምልክት በጣቷ ተጭና ወደ ሁለተኛው ገጽ ትጎትተዋለች፤ የመጨረሻውን ቁልፍ ስትተክል ወደ ሦስተኛው ታሻግረዋለች፤ ልብሱ ሲወሰድ ታነሳዋለች። በስማቸው አልጻፈቻቸውም፤ "ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ"፣ "ቀበቶ የማይወደው"፣ "አክስቷን ይዛ የምትመጣው" እያለች ነው የመዘገበቻቸው። ለሰሚ ያስቃል፤ ለሰፊ ግን ከሰው ስም ይልቅ ትከሻው ነው የሚጠቅመው። ማሙሽ ይህን ሁሉ አይቶ "ምን የሚባል ኮተት ነው የሰበሰብሽው?" ብሎ ጠረገው። በምትኩ አራት ትልልቅ ፎቶ ተደረደረ፤ ትልቋ፣ የትልቋ ባል፣ ማሙሽ። ለአራተኛው ካሬ የሚሆን ሰው ሲያጣ፣ ባዶ ሆኖ ይቀራል ብሎ የእናቱን የራሷን ፎቶ ለጠፈበት። ስትነካው ለራሷ ይደውላል፤ ከዚያም ቁጥሩ ተይዟል ይላታል። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝም አለ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ፣ ማንም አልደወለም። ሰፊዋ መጀመሪያ የጠረጠረችው መስቀለኛው መንገድ ላይ ፊቱን በመስታወት አሠርቶ የተከፈተውን አዲሱን ስፌት ቤት ነው። ቀጥላ ራሷን ጠረጠረች። ባለፈው ወር አገላብጣ የገጠመችው እጅጌ ትዝ አላት፤ እሱን ሰው አውርቶባት ይሆናል። አዳዲስ ጨርቅ እያየች መቀሱን አንስታ መልሳ ታስቀምጥ ጀመር፤ ምክንያቱም ከመቁረጧ በፊት ደንበኛው ደውሎ የልክ ቀን መያዝ አለበት፤ ልክ ሳትወስድ ቆርጣ አታውቅም። አንድ ቀን ማሙሽን "ይሄ ስልክ ይሠራል?" ስትለው የራሱን ከኪሱ አውጥቶ ደወለላት። ጮኸ። "ይኸው፣ ይሠራል" አላት። አዎ ይሠራል፤ ሌላውን ደዋይ ሁሉ ዘግቶ፣ ከአራቱ ፊት አንዱ ለሆነው ለሱ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሷ ደግሞ ሞኟ አመስግናው ወደ ክፍሏ ገብታ፣ እንግዲህ ሰው ረስቶኛል፣ ጊዜዬ አልፏል ብላ አልቅሳለች። ያ ልቅሶ አሁን ሲታሰባት ፊቷን እንደ ጥፊ አጋለው።

ረፋዱ ላይ በሩ ሲንኳኳ ከደንበኞቿ አንዷ፣ ነርሷ ነበረች። ከሌሊት ተራ መውጣቷ ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። ከሁለት ሳምንት በፊት ያመጣችው አረንጓዴ ጨርቅ እንደታጠፈ መደርደሪያው ላይ አየችውና ፊቷ ወረደ።

"አልተቆረጠም እንዴ እትዬ?"

"የልክ ቀን እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩሽ።"

"እኔ እኮ ደውዬ ደውዬ ሰለቸኝ። ደንበኛዋ ጥሪ አይቀበሉም ነው የሚለኝ። አንዱን ቀን እንደውም ታመው ይሆናል ብዬ ልመጣ ስል ከሥራ የሚለቀኝ አጣሁ። የፊታችን ቅዳሜ ነው የምለብሰው።"

መልሱ ሰፊዋ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ልጆቼ ናቸው፤ አፌን የለጎሙት ልጆቼ ናቸው ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ግን እንዴት ተብሎ ይወራል? የገዛ ልጆቿን ገመና ለደንበኛ ዘርግታ የምታሳይ ሴት አይደለችም። "ስልኬ ተበላሽቶብኝ ነው የኔ ልጅ" አለች፤ ይህን ስትል ጥፋቱ ሁሉ የሷ ሆነ። ዛሬውኑ ልለካሽ፣ እስከ ቅዳሜ አደርሰዋለሁ አለቻት። ነርሷ ግን ለሌላ ቤት ቀብድ ከፍላለች፤ ባለ መስታወቱ ቤት። የመጣችው ጨርቋን ለመውሰድ ነው። ሰፊዋ ጨርቁን አውርዳ፣ አራግፋ፣ እንደገና አስተካክላ አጠፈችላት። ነርሷ ከበሩ ሳትወጣ ዞር ብላ አየቻት፤ መጠየቅ የፈለገችው ነገር ያለ ይመስላል፤ ከዚያ ግን "በርቱ እትዬ" ብላ ሄደች። "በርቱ" የሚባለው ለደከመ ሰው ነው። ሰፊዋ መደርደሪያው ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ ትንሽ አየችውና ስልኳን በመሃረብ ጠቅልላ ወጣች።

የስልክ መጠገኛው ሱቅ ከዳቦ ቤቱና ከቁልፍ ቀራጩ መሃል ገብቷል፤ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው የሚቆመው። ግድግዳው በስልክ ሽፋን ተሸፍኗል፤ መስኮቱ ላይ ፊታቸው የተሰነጠቀ ስልኮች ተደርድረዋል። የሱቁ ባለቤት ወፍራም ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ ማጉያ መነጽር አሥራ፣ አንዱን ስልክ በልታ የጨረሰች ይመስል አጥንት አጥንቱን ጠረጴዛው ላይ በትናዋለች። ሰፊዋ መሃረቡን ፈትታ ስልኩን ሰጠቻት።

"ፊቱን መልሺልኝ" አለቻት።

ጠጋኟ አራቱን ፎቶ አየች። አራተኛውን አየች፤ ቀና ብላ ሰፊዋን አየች። በጣቷ ነካችው፤ ቁጥሩ ተይዟል አለ። መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ደንበኛዋ አለመሳቋን ስታይ ተወችው።

"ለመውጣት የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል እትዬ። ያውቁታል?"

"አላውቀውም።"

"ማን ያውቀዋል?"

"ልጄ።"

"እዚሁ ፎቶው አለ አይደል? ይደውሉለትና ይጠይቁት።"

"አልደውልለትም።"

ጠጋኟ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። የሰው ስልክ ስትከፍትና ስትዘጋ የኖረች ሴት ናት፤ የሰው ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። የጎኑን ቁልፍ ተጭና ይዛ ስልኩን አጥፍታ አስነሳችው። እንዲህ ሲነሳ በላዩ የተጫነውን አያነሳም፣ የተፈጠረበትን ፊት ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው አለቻት። እውነትም አራቱ ፊት የለም። የመጣው ግን ባዶ ነው፤ ሦስቱም ገጽ ተጠርጓል። ሰፊዋ ባዶውን ገጽ በጣቷ ወደ ግራ ገፋችው፣ ወደ ቀኝ ገፋችው፤ ምንም የለም። ከሰፈር ሁሉ ሰው ነቅሎ የሄደ መሰላት። ጠጋኟ ግን ስሞቹ ውስጥ ድረስ ገብታ አየችና "ሰዎቹ አልጠፉም፤ ከፊት የነበሩት ምልክቶች ናቸው የተነሱት። ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ፤ ይቺ ማን ናት?" አለቻት። የተመለሱ ጥሪዎች ዝርዝር ላይ ስሟ ተደጋግሟል፤ ስትደውል ከርማለች፤ ቀበቶ የማይወደውም፣ አክስቷን ይዛ የምትመጣውም። ሁሉም ሲደውሉ ስልኩ በር ላይ ሆኖ ሲመልሳቸው ከርሟል። ሰፊዋ የሱቁን ጠረጴዛ ጫፍ ያዘች። አልተረሳችም ነበር። ይህን ስታውቅ ደስ ሊላት ሲገባ ንዴቷ ነው የባሰባት፤ ያላለቀሰችበት ቀን የለም እኮ፤ በከንቱ።

"አሁን የድሮውን ልተውልዎት ወይስ ሌላ እንምረጥ?" አለች ጠጋኟ። "የድሮው ትንሽ ጣት ሲያደናቅፈው ሁሉን ይበትነዋል። ደህና ደህና ላውንቸር ሞልቷል።"

"እንምረጥ።"

ስፌት የሚያውቅ ሰው ምርጫ ያውቃል። ሰፊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጠጋኟ መጀመሪያ ያሳየቻት ምልክት የሌለው፣ ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ነው፤ ዓይን አያደክምም ይባልለታል። አልፈለገችውም፤ ማንበብ አላቃታትም፣ ግን ጨርቅ እየገፉ አንድ በአንድ አይነበብም። ቀጥሎ የመጣው አበባ የሚንሳፈፍበት፣ ሲነኩት እንደ ውሃ የሚናወጥ ነው፤ "ይሄ ሥራ ፈትቶ ለሚውል ሰው ነው" ብላ መለሰችው። ሌላው ሁሉንም በፊደል ተራ በራሱ ይደረድራል። "ማን ቀድሞ እንደሚሰፋለት ፊደል ነው እንዴ የሚወስነው?" ስትል ጠጋኟ ማጉያዋን አውልቃ ሳቀች። "የሙሽራ ቀሚስ እንኳ እንዲህ አይመረጥም እትዬ" አለቻት። ከበሩ ውጭ ሁለት ሰው ተራ መጠበቅ ጀምሯል፤ ሰፊዋ ግን አልቸኮለችም። ስድስተኛው ይሁን ሰባተኛው ላይ ደረሱ። ጌጥ የለውም። ምልክቱ እንደፈለጉ ይገዝፋል፤ ገጹ እንደፈለጉ ይበዛል፤ እያንዳንዱን ገጽ በተለያየ ቀለም መቀባት ይቻላል። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ አንዴ ከተደረደረ በኋላ የሚቆልፉበት ነገር አለው፤ እጅ ቢንቀጠቀጥ አይበታተንም፤ ማንቀሳቀስ ሲፈልጉ ብቻ ይከፈታል። ሰፊዋ አንዱን ምልክት ተጭና ከገጽ ወደ ገጽ ጎተተችው። መለሰችው። እንደገና ጎተተችው። ጣቷ መንገዱን አወቀው።

"እሱን" አለች።

ጠጋኟ የሚስጥር ቁጥር ይኑረው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ይኑረው አለች። ቁጥሩን ራሷ መታች፤ ጠጋኟ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች። የሽማግሌዎቹን ላውንቸር ከነአራት ፊቱ አጠፉት። ከዚያ ደንበኞቿን ከማስታወሻዋ ሳይሆን ከጭንቅላቷ እያወጣች መደርደር ጀመረች፤ ማን ጨርቁ እንዳልተቆረጠ፣ ማን ማሽን ላይ እንዳለ፣ የማን እንዳለቀ። አንዳንዱን ማንጠልጠያው ላይ ያለውን ልብስ በዓይነ ህሊናዋ እያየች ነው ያገኘችው። ሁለቱን ጨርሶ አጣቻቸው። የነርሷ ስም ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ ጨርቅ የሌላት ደንበኛ የትኛውም ገጽ አይገባትም። አለፈቻት።

ከሱቁ ወጥታ የዳቦ ቤቱ ጥላ ሥር ቆማ መጀመሪያ የደወለችው ግራ ትከሻዋ ዝቅ ላለው ነው። ሴትዮዋ ድምፅዋን ስትሰማ ደነገጠች።

"እትዬ፣ እርስዎ ኖት? ትተዋል ብለውኝ እኮ።"

"ምኑን ነው የተውኩት?"

"ስፌቱን። ስልክ አልነሳ ሲለኝ ባለፈው እቤት ድረስ መጥቼ ነበር። ልጅዎት በር ላይ አግኝቶኝ እናቴ ደክማለች፣ ማሽኑም ሊሸጥ ነው አለኝ። እኔማ ሳልሰናበትዎት ብዬ ሲቆጨኝ ከረመ።"

ሰፊዋ "አልደከምኩም" አለቻት። "ነገ ለልክ ነይ።" ስልኩን ዘጋችና መንገድ ገባች። እስካሁን ድረስ ከልቧ አንድ ጥግ ላይ፣ ማሙሽ ላውንቸሩን የጫነው ካለማወቅ ነው፣ ክፍሉን የተመኘው ደግሞ ከኋላ ነው የሚል ማስተባበያ ይዛለት ነበር፤ እናት አይደለች። አሁን እሱም አለቀ። በሯ ላይ ቆሞ፣ በአፉ፣ እሷ እዚያው ውስጥ ተቀምጣ ሥራ ስትጠብቅ፣ ደክማለች ብሎ ሰው መልሷል። በዚያ ሁሉ መንገድ ሰላም ያሏትን ሰዎች አላየቻቸውም።

ቤቷ ስትደርስ የስፌት ክፍሉ የመንገድ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማሽኑ ኮሪደር ላይ ነው፤ ከነጨርቁ ነው ያወጡት፤ መርፌው ያልተሰፋውን ጠርዝ እንደነከሰ ቀርቷል። መጋረጃው ተነስቶ ወንበር ላይ ተጥሏል። መሃል ክፍሉ ላይ የጭነት መኪና ሾፌር የሚመስል፣ በእርግጥም ሾፌር የሆነ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ተከራዩ ሰውዬ ቆሞ ጣሪያውን ያያል። ማሙሽ ስለ መብራቱና ስለ ውሃው ያስረዳዋል። ትልቋ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች፤ እናቷን ስታይ ቦርሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

"እማዬ፣ ቁጭ በይ እስኪ" አለች ትልቋ። "ልንነግርሽ ነበር እኮ። ለአንቺ ብለን ነው። ዓይንሽ…"

"ዓይኔ ክር መርፌ ውስጥ ያስገባል" አለች ሰፊዋ። "እናንተን ነው ያላየው።"

"ምን አደረግንሽ?" አለ ማሙሽ።

"ጠዋት መጋረጃው ውስጥ ነበርኩ።"

ትልቋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ማሙሽ ግን እጅ የሚሰጥ አልነበረም፤ ዓይኑ እናቱ እጅ ላይ ያለው ስልክ ላይ አረፈና፣ "ይሄን ማን ነካው? ፊቱን ማን ቀየረው? አምጪው እስኪ" አለ። እሷም ሰጠችው። አብርቶ አየ፤ የሚስጥር ቁጥር ጠየቀው። የራሱን፣ እሱ የሚያውቀውን ሞከረ፤ እምቢ አለው። "ቁጥሩ ስንት ነው?" አለ። እናቱ ስልኩን ከእጁ ላይ ወሰደችበት።

ሾፌሩ ነገሩ ገብቶታል፤ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ በሩ ፈቀቅ ብሏል። "ይቅርታ እናት፣ እኔ የተስማማችሁ መስሎኝ ነው። ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ" አላት። ሰፊዋ አሁን ነው በደንብ ያየችው። ለእሱና ለሚስቱ ክፍል ሲፈልግ ሦስት ሳምንት እንደሆነው ነገራት፤ ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑን አይሰብርም።

"ይሄ ክፍል አይከራይም፤ ይሠራበታል" አለችው። "ግን አትሂድ። ጓሮ ሌላ ክፍል አለ። እሱም የራሱ በር አለው፤ ከመንገዱ ጫጫታም ይርቃል። ና ላሳይህ።"

ማሙሽ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። እሷ ኮሪደሩን ይዛ ሄደች፤ ሾፌሩ ተከተላት፤ ልጆቿ ከኋላ መጡ። የማሙሽን ክፍል በር ከፈተች። አልጋው አልተነጠፈም፤ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ከኩሽና የጠፉ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ወንበሩ ላይ እሷ የተኮሰችው ሸሚዝ ተጨማድዶ ወድቋል። ሾፌሩ ከበሩ ሳይገባ አንገቱን አስግጎ አየ። "ግድግዳው ይቀባልሃል" አለችው። "ዕቃው እስከ ወሩ መጨረሻ ይወጣል። ውሃ ከጓሮው ቧንቧ ነው፤ ከኔ ጋር ትካፈላላችሁ። ለሚስትህ አሳያትና ከወደደችው ንገረኝ።" ኪራዩን ነገረችው፤ ማሙሽ ለፊተኛው ክፍል ከጠየቀው ያነሰ ነበር። ሾፌሩ ማሙሽን አየ፣ ትልቋን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ።

"እርግጠኛ ኖት እናት?"

"ቤቱ የኔ ነው" አለች።

ትልቋ ማልቀስ ጀምራለች፤ "እማዬ፣ እባክሽ" ትላለች፤ ግን ለማን እንደምታለቅስ እሷም የምታውቅ አልመሰለችም። ሰፊዋ እንባዋን አይታ ልቧ ትንሽ ላላ፤ ከዚያ ጠዋት ከመጋረጃው ኋላ የሰማችው ሳቅ ያለበት "አንተ መቼም" ትዝ ብሏት መልሳ አጠበቀችው። "አልቅሰሽ ስትጨርሺ ማሽኑን አግዢኝ፤ አንዱን ጫፍ ያዢልኝ" አለቻት። ሾፌሩ ማሽኑን እኔ አስገባዋለሁ ብሎ ብቻውን አቀፈውና ወደ ቦታው መለሰው። ሲወጣ ለሚስቱ አሳይቶ መልስ እንዲሰጥ ቁጥሯን ጠየቃት። በቃሏ ነገረችው። እሱም እዚያው ቆሞ ደወለ፤ ቁጥሬ ይድረስዎት ብሎ። ስልኩ እጇ ውስጥ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር፣ ፎቶ የሌለው፣ ካሬ የሌለው፣ የማንም ያልሆነ ሰው ቁጥር፣ ኮሪደሩን እስኪሞላው ጮኸ። ልጆቿ ሁለቱም ሰሙት። ሰፊዋ እስኪበቃት አስጮኸችው።

ሾፌሩ ሄደ። ትልቋ መጋረጃውን ከወንበሩ አንስታ መልሳ ለመስቀል ዘንጉን ትታገላለች። ማሙሽ ኮሪደሩ ላይ እጁን አንጠልጥሎ ቀረ። እንደ ልጅ ባለ ድምፅ፣ "እኔስ የት ልግባ?" አላት።

ሰፊዋ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ መርፌው ነክሶ የያዘውን ጠርዝ እያላቀቀች ነበር። ቀና አላለችም።

"ቤት ስታገኝ ደውለህ ንገረኝ" አለችው። "ስልኬ አሁን ለማንም ይጮኻል።"